የ1970 ሼቨል ባለ 350፦ መንገድ ሲጨናነቅ ትሞቃለች፣ ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ ራዲያተር ልቀይር?

ሼቨል_አውሮራ
ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ የ1970 ሼቭሮሌት ሼቨል ናት፤ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ባለ አራት ጉሮሮ ኳድራጄት ካርቡሬተር፣ ቱርቦ 350 ካምቢዮ። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) የፋብሪካው፣ ባለ ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) ነው።

ሀይዌይ ላይ 185 ፋራናይት ይዛ ትሄዳለች። መብራት ላይ ስትቆም ወይም መንገድ ሲጨናነቅ 225 ትደርሳለች። ዲ ላይ ሲገባ ልትጠፋ ስለምትል የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ብሎን ብዙ ጠበቅ አድርጌዋለሁ። ነዳጅ ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥራትና ከዚያ ነው የምትስበው። ቁልፍ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስቴ ተንተክትካ ነው የምትቆመው። ሚኒሞ ላይ የቫኪዩም ጌጁ (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካው) 10 ኢንች ያሳያል፤ ቀስቱ ግን አይርገበገብም። ታይሚንግ ላይቱ (እሳቱ የሚነሳበትን ሰዓት የሚያሳየው መብራት) ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት 6 ዲግሪ ይላል። ቴርሞስታቱ 180 ነው፣ የራዲያተር ክዳኑም 15 ፒኤስአይ፤ ሁለቱም አዲስ ናቸው። አሁን ወፍራም አሉሚኒየም ራዲያተር ላዝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ_ቴስታታ
ብርህን ያዝ። ሀይዌይ ላይ ቀዝቅዛ ስትቆም የምትሞቅ መኪና ራዲያተሯ ውኃ እያሳለፈላት ነው ማለት ነው፤ የጎደላት ቆማ ሳለች የሚያልፈው አየር ወይም የእሳቱ ሰዓት ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ፍጥነት ስትጨምር ብትሞቅ፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም እየተመጠጠ የሚጣበቅ የታችኛው የውኃ ቱቦ ነው ብዬ በጠረጠርኩ ነበር። የታችኛው ቱቦ ውስጥ የብረት ጥቅል ይኑር አይኑር በእጅህ ጨመቅ አድርገህ እየው።

መጀመሪያ አየሩን ጨርስ። የማራገቢያው ከለላ በቦታው አለ? የማራገቢያው ቅጠል ስፋት ግማሹ ከለላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ መሆን አለበት። ክላች ያለው ማራገቢያ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አጥፍተህ በእጅህ ግፋው። እንደ ፈረፈር ብቻውን የሚዞር ከሆነ ክላቹ ሞቷል። ከክላቹ መሃል ወደ ውጭ የተረጨ ቅባት ካየህም ያው ነው።

ይህ ደህና ከሆነ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ሂድ። እሳት ሲዘገይ ነዳጁ ነዶ ሳይጨርስ የጭስ ቫልቩ ይከፈታል። ፒስተኑን መግፋት የነበረበት ሙቀት በጭስ መውጫው በኩል ሲያልፍ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያግለዋል፣ ውኃውም ያንን ሙቀት ይሸከማል። ይህን ደግሞ ሦስት ረድፍ ቀርቶ አራት ረድፍ ራዲያተርም አያድነውም።

ካንዴላ8
ስምህ ላይ አውሮራ ይላል፤ ኮሎራዶ ከሆንክ የቫኪዩሙ ንባብ መታረም አለበት። የመማሪያ መጻሕፍቱ ከ17 እስከ 21 ኢንች የሚሉት በባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ1000 ጫማው ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ቀንስ። አውሮራ ከ5400 ጫማ በላይ ስለሆነ ከ12 እስከ 15 ያለው ጤነኛ ነው። 10 ግን እዚያም ዝቅተኛ ነው።

የቀስቱ ጠባይም ይናገራል። በእኩል ምት ዝቅ ዝቅ የሚል ከሆነ የማይዘጋ ቫልቭ ነው። ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚንሳፈፍ ከሆነ ቅልቅሉ ነው። ያንተ ዝቅ ብሎ ከረጋ የዘገየ ታይሚንግ ወይም አየር የሚያስገባ ቦታ አለ።

ሼቨል_አውሮራ
አዎ፣ ኮሎራዶ ነኝ። ከለላው አለ፣ ክላቹም ሲሞቅ ይይዛል። ግን ጋሼ፣ ታይሚንጉ 6 ዲግሪ ይላል እኮ፤ ለዚህ ሞተር ይህ የዘገየ ነው እንዴ?

ጋሽ_ቴስታታ
6 ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነበር። ጥያቄው ምልክቱ እውነት ይናገራል ወይ ነው። ክራንኩ ፊት ላይ ያለው ባላንሰር ሁለት ብረት ነው፤ መሃሉና የውጭው ቀለበት፣ በመካከላቸው በተጣበቀ ላስቲክ የተያያዙ። ላስቲኩ ሲደርቅ ቀለበቱ ይንሸራተታል። የታይሚንጉ መስመር ያለው ቀለበቱ ላይ ስለሆነ መብራቱ 6 እያለህ እሳቱ ሌላ ሰዓት ላይ ይሆናል። ላስቲኩን ዙሪያውን በባትሪ መብራት እየው። የተሰነጠቀ ወይም ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ጨርሰሃል።

ላስቲኩ ደህና ቢመስልህም አትመነው፤ ላይኛውን ጫፍ ራስህ ፈልግ፦

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጣ። 1 ቁጥር ሲሊንደር በሾፌሩ በኩል ያለው የፊተኛው ነው። እዚያ የካንዴላ ቀዳዳ ላይ የፒስተን ማቆሚያ ግጠም፤ የካንዴላ ጥርስ ያለው፣ መሃሉ ረጅም ብሎን የሆነ መሣሪያ ነው። ክራንኩን በ5/8 ሶኬት ቀስ ብለህ በእጅ አዙር። ፒስተኑ ማቆሚያውን ነክቶ ሲቆም ከዜሮው ምልክት ትይዩ ባላንሰሩ ላይ በቀለም መስመር አድርግ። ወደ ኋላ አዙረህ እንደገና እስኪቆም ድረስ ሂድ፣ እዚያም መስመር አድርግ። የሁለቱ መስመር ትክክለኛ አጋማሽ ላይኛው ጫፍ ነው፤ የፋብሪካው መስመር እዚያ ካልሆነ የቀረው ርቀት የምልክቱ ስህተት ነው። በሞተሪኖ እንዳታዞረው፤ ፒስተኑን ትበሳዋለህ።

ቤቲ_ኳድራጄት
ጋሼ የተናገረው ትክክል ከሆነ የቀረው ምልክት ሁሉ ይገጥማል። እሳቱ ሲዘገይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ጉልበት ያጣል። ባለቤቱ የሚኒሞውን ብሎን ያጠብቃል፣ የካርቡሬተሩ ታችኛ ቅጠሎች ከሚገባው በላይ ይከፈታሉ። ያኔ ነዳጅ ከሚኒሞው ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከላይ ካለው ከቀጭኑ መሸጋገሪያ ስንጥቅም መፍሰስ ይጀምራል። ነዳጅ ስትረግጥ ያ ስንጥቅ ቀድሞ ስለተከፈተ የሚጨምረው የለውም፤ ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው። ቁልፍ ስታጠፋም ክፍት የቀረው ቅጠል አየርና ነዳጅ ያስገባል፣ የጋለው ጥቀርሻ ያለ ካንዴላ ያቃጥለዋል፤ መንተክተኩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ታይሚንጉ ሳይስተካከል ካርቡሬተሩን አትንካው። ከተስተካከለ በኋላ፦

ሞተሩ ጠፍቶ የአየር ማጣሪያውን አንሳና ወደ ጉሮሮው እያየህ ነዳጁን በእጅህ ሳብ። ወዲያውኑ ሁለት ቀጫጭን የቤንዚን ጅረት መፍሰስ አለበት። ዘግይቶ ከፈሰሰ ወይም ከተንጠባጠበ የአክስለሬተር ፓምፑ ላስቲክ ደርቋል። የድሮ ላስቲክ ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን አይችልም፤ ኤታኖልን የሚቋቋም ላስቲክ ያለው መጠገኛ ግዛ።

ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት የቅልቅል ብሎኖች በቀስታ እስኪነኩ አጥብቀህ ሁለት ሁለት ዙር መልስ። በካቻቢቴ አታስጨንቃቸው፣ ጫፋቸው ይጎረብጣል። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ፣ ጌጁ ተሰክቶ፣ በየተራ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርክ ከፍተኛውን ቫኪዩም ፈልግ።

የነዳጅ መግቢያው ላይ ያለውን ባለ 1 ኢንች ዳዶ ከፈታህ ከማጣሪያው ኋላ ሞላ አለ፤ እንዳይጠፋህ። የካርቡሬተሩ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ዳዶውን በአንድ ቁልፍ ይዘህ የቱቦውን 5/8 በሌላ ቁልፍ ፍታ። ከፊት ያሉትን ማሰሪያ ብሎኖች ከሚገባው በላይ ካጠበቅህ ደግሞ ካርቡሬተሩ ይጣመማል። ይህን ካርቡሬተር ሰዎች የሚጠሉት ብዙውን ጊዜ የጠላቱ እጅ ስላበላሸው ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፖይንቱን አውጥተህ ኤችኢአይ (ያለ ፖይንት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ) ዲስትሪቢዩተር ግጠም፣ ተገላገል። የሼቭሮሌት ባለቤት ጂኤም ራሱ በ1975 የቀየረው በምክንያት ነው።

የሞፓር_ሰው
ኤችኢአይ ጥሩ ነው፤ ግን የተንሸራተተ ባላንሰርን አያስተካክልም። ሲገጠም ደግሞ ዘጠኝ ሰው ከአሥሩ የሚስተው ነገር አለ። በባለ ፖይንት ሼቭሮሌት ከፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው ብረት) ወደ ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደሚያመነጨው) የሚመጣው ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም፤ ፖይንቱ እንዳይቃጠል ቮልቴጅ የሚቀንስ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የሬዚስታንስ ሽቦ ነው። ኤችኢአይ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። በድሮው ሽቦ ብታስነሳው ይነሳል፣ ዙር ሲጨምር ግን እሳቱ ይደክማል። ሰውዬው ካርቡሬተር ነው ብሎ ካርቡሬተር ይገዛል። ከፊውዝ ሳጥኑ፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው መሰኪያ፣ አዲስ ሽቦ ሳብ። የካንዴላ ክፍተትም ከ0.035 ወደ 0.045 ኢንች ይሰፋል።

የዶጅና የፕሊመዝ ባለቤቶችም ልብ በሉ፦ መኪናው ተነስቶ ቁልፉን ስትለቁ ወዲያው ከጠፋ ፋየርዎሉ ላይ ያለው የሸክላ ሬዚስተር ተቃጥሏል። ሲነሳ እሳቱ በሌላ መስመር ስለሚመጣ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ትርፍ አንድ መሳቢያው ውስጥ ይኑራችሁ።

ካንዴላ8
ፖይንቱን ለማቆየት ከወሰንክ ከታይሚንጉ በፊት ድዌሉን (ፖይንቱ ተዘግቶ የሚቆይበትን ዲግሪ) አስተካክል፤ የፖይንት ክፍተት ሲቀየር ታይሚንጉም አብሮ ይቀየራል፣ የታይሚንግ ለውጥ ግን ድዌሉን አይነካም። አዲስ ፖይንት 0.019 ኢንች፣ ያገለገለ 0.016። በድዌል ሜትር 30 ዲግሪ። የዴልኮ ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት መስኮት ከፍ አድርግ፣ ሞተሩ እየሠራ የ1/8 አለን ቁልፍ አስገባ፣ ሞተሩ መንተባተብ እስኪጀምር ወደ ቀኝ አዙር፣ ከዚያ ግማሽ ዙር መልስ። ድዌል ሜትር የሌለው በዚህም ይጠጋጋዋል።

ክዳኑን ስታነሳ ሮተሩን በእጅህ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርገህ ልቀቀው፤ በሞላው ተስቦ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ዙር ሲጨምር እሳቱን የሚያፈጥኑት ከሥሩ ያሉት ክብደቶች በደረቀ ቅባት ተጣብቀዋል። የቫኪዩም አድቫንሱን (በሞተሩ መሳብ እሳቱን የሚያፈጥነውን) ቱቦ በአፍህ ሳብና ጫፉን በምላስህ ዝጋ፤ ሳህኑ ተንቀሳቅሶ እዚያው ካልቆየ ውስጡ ተቀዷል።

ሽቦዎቹንም እይ። የእሳቱ ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። 5 እና 7 ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች ሆነው ተከታትለው ይተኩሳሉ። ሽቦዎቻቸው ተደጋግፈው ረጅም መንገድ ከሄዱ የ5ቱ እሳት የ7ቱን ሊቀሰቅስ ይችላል። አራርቃቸው።

ጋሽ_ቴስታታ
አንድ ነገር ደግሞ፦ በ1970 ጂኤም ለጭስ ቁጥጥር ሲል ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻና መዝጊያ) አስገብቷል። መኪናው ከፍተኛው ማርሽ ላይ ካልሆነ በስተቀር የቫኪዩም አድቫንሱን ይዘጋል። ሞተሩ በጣም ሲሞቅ እንዲከፍት ታስቦ የተሠራ የሙቀት ስዊች አለው፤ ከ50 ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ ያ ስዊች መሥራቱን ማንም አይምልልህም። ቱቦዎቹን ተከትለህ ሂድ።

ቆርቆሮ_ልጅ
ይቅርታ፣ ከክሩ ወጣ ልበልና፣ የ1969 ቻርጀር የግራ ጎማ ዳዶዎች በምንም አልፈታ አሉ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምሬ ብገፋም እንቢ ብለዋል።

የሞፓር_ሰው
ቧንቧውን አስቀምጥ! ክራይስለር በዚያ ዘመን የግራውን ጎማዎች በግራ ጥርስ ነበር የሚያስረው። ዳዶው የሚታሰርበት ብሎን ጫፍ ላይ ኤል ፊደል ተቀርጾ ታያለህ። በሰዓት አቅጣጫ አዙር፣ ይፈታል። እስካሁን ስታጠብቀው ነበር።

ቆርቆሮ_ልጅ
ተፈታ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ዘይት ምን ትጠቀማላችሁ? መደብር ያለው ማንኛውም 10ደብሊው-30 አይበቃም?

ጋሽ_ቴስታታ
የነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት ታፔቱን የሚገፋው ብረት ለብረት እየተፋተገ ነው፤ ሮለር የለውም። ያንን ፍትጊያ የሚያስታግሰው ዘይት ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፈረስ ነው። በአሁኑ ደረጃ የሚመረተው የተራ መኪና 10ደብሊው-30፣ የካታሊቲክ ኮንቨርተር ዕድሜ እንዳያሳጥር፣ ፎስፈረሱ ከ800 ፒፒኤም እንዳያልፍ ተገድቧል። ለድሮ ሞተር ተብሎ የተሠራ፣ ዚንኩ 1200 አካባቢ የሆነ ዘይት ግዛ። ለትንሹ ሼቭሮሌት ከነማጣሪያው 5 ኳርት ይበቃዋል።

አዲስ ካም የገጠመ ደግሞ ሞተሩን ከአስነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ለ20 ደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ይያዘው፤ ሚኒሞ ላይ አይተወው። ካሙ ዘይት የሚያገኘው ከክራንኩ በሚረጨው ስለሆነ በዝግታ ሲዞር ይደርቃል። ስለዚህ ውኃው፣ ነዳጁና ታይሚንጉ ሳይዘጋጁ ሞተሪኖውን አትንኩ፤ ደጋግሞ ማስነሳትም ካሙን ይበላዋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ዚንክ በዛ ሲባል ግን አሁን ፋሽን ሆኗል። የፋብሪካ ሞላ ያለው፣ ካሙ ከድሮ ጀምሮ የተላመደ ሞተር በተራ ዘይትም ሲሄድ እናያለን።

ጋሽ_ቴስታታ
ትሄዳለች፣ አልክድም። ጠንካራ የቫልቭ ሞላ ከተገጠመ ወይም ካሙ አዲስ ከሆነ ግን በዚያ አልወራረድም። የዘይቱ ዋጋ ልዩነት ከአንድ ካምና 16 ታፔት ጋር አይወዳደርም።

ሼቨል_አውሮራ
በፒስተን ማቆሚያው ለካሁት። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የባላንሰሩ መስመር ዜሮ ላይ ሳይደርስ 5/8 ኢንች ይቀረዋል። ባላንሰሩ 6 ከ3/4 ኢንች ነው። ላስቲኩም ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። የቫኪዩም አድቫንሱ ሲሳብ ይይዛል፤ ሶሌኖይዱ ግን ቱቦውን ዘግቶታል።

ካንዴላ8
ስሌቱ ይኸው፦ በ6 ከ3/4 ባላንሰር አንድ ዲግሪ 0.059 ኢንች ያህል ነው። 5/8 ማለት ከ10 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። መብራቱ 6 በፊት ሲልህ እሳቱ ከላይኛው ጫፍ በኋላ 4 ዲግሪ ላይ ነበር። ራዲያተሩ ምስኪን!

አዲሱ ባላንሰር እስኪመጣ ባገኘኸው እውነተኛ ዜሮ ላይ ነጭ መስመር አድርግ። ግን ለሚኒሞ ማስተካከያ ብቻ ተጠቀምበት፤ የላላ ቀለበት ስለሆነ ዙር አታብዛበት። ሲፈተል ሊወጣም ይችላል።

ጋሽ_ቴስታታ
የቫኪዩም ቱቦውን ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅለህ ጫፉን ድፈን። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ በ9/16 ላላ አድርግ። በዚህ ሞተር ሮተሩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ዲስትሪቢዩተሩን በተቃራኒው ስታዞር እሳቱ ይፈጥናል። ሚኒሞ ላይ 10 ወይም 12 አድርገው። አዲሱ ባላንሰር ከተገጠመ በኋላ ዙሩን ወደ 3000 አድርሰህ ጠቅላላውን ታይሚንግ እይ፤ 34 እስከ 36 ላይ መቆም አለበት። ዲግሪ የሚያሳይ መብራት ከሌለህ ከዜሮው መስመር በሰዓት አቅጣጫ 2 ከ1/8 ኢንች ለካና ሌላ መስመር አድርግ፤ 36 ዲግሪ እሱ ነው። በ8 ኢንች ባላንሰር ሁለት ተኩል ኢንች ይሆናል። ሲጫን ሞተሩ ከተንኳኳ ሁለት ዲግሪ መልስ።

ከዚያ የቫኪዩም አድቫንሱን በቀጥታ ከማኒፎልድ (ከካርቡሬተሩ ሥር ካለው የአየርና ነዳጅ ማስገቢያ) ስካው። ሚኒሞ ላይ ተጨማሪ ዲግሪ ስለሚያገኝ ቆማ ሳለች ትቀዘቅዛለች።

ቤቲ_ኳድራጄት
ማኒፎልድ ላይ ሲሰካ ዙሩ ይጨምራል። ያኔ የሚኒሞውን ብሎን አላላ፤ ቅጠሎቹ የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። ቅልቅሉንም ድጋሚ አስተካክል። በዚያ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የባሕር ዳርቻ ጂግለር (ነዳጁን የሚመጥን ቀዳዳ) ያለው ካርቡሬተር ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ የሚለብሱ ከሆነ ከዚህ ነው። የሆሊ ካርቡሬተር ላላቸው መነሻው በየ2000 ጫማው ጂግለሩን በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። በኳድራጄት ጂግለሩም ዘንጎቹም አብረው ስለሚታዩ ቁጥራቸውን ጻፊልኝ፣ ማለቴ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አዲስ አበባ ላይ ፎልስ የሠራ መካኒክ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሼቨል_አውሮራ
12 ላይ አድርጌዋለሁ። ቫኪዩሙ 14 ሆነ። የሚኒሞውን ብሎን ወደ ሁለት ዙር ገደማ አላላሁት፤ ቁልፍ ሲጠፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቆማ ስትሠራ 195 ላይ ረግታለች። ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማው ነገር ጥቂት ቀርቷል፤ የፓምፑ ጅረት ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚፈሰው። አሁን ባላንሰሩን ላዝ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

ጋሽ_ቴስታታ
ለ350 የሚሆነውን እንጂ ለ400 ኪዩቢክ ኢንቹ ሞተር የሚሆነውን እንዳይሰጡህ። የ400 ባላንሰር ሆን ተብሎ በአንድ ወገን የከበደ ነው፤ ያንተ ሞተር ላይ ቢገባ ያንቀጠቅጠዋል። የታይሚንግ መስመሩ ቦታም ከ1969 ጀምሮ ስለተለወጠ ለ1968 እና ከዚያ በፊት ለነበሩት የተሠራ አይሆንህም።

አሮጌውን በሦስት ብሎን የሚጎትት መንቀያ አውጣ። ጥፍር ያለው መንቀያ የውጭውን ቀለበት ይዞ ላስቲኩን ይገነጥለዋል። ከወጣ በኋላ የዘይት ሲሉ የሚነካውን የባላንሰሩን አንገት በጥፍርህ ዳስስ፤ አዲሱ ላይ ጭረት ካለ ሳይገጠም መልሰው። ሲሉንም አብረህ ቀይር፣ እንደገና መፍታቱ ያናድዳል። አንገቱን ዘይት ቀባው፣ ባላንሰሩ ክራንኩ ላይ የሚቆለፍበት ስንጥቅ ውስጥ ትንሽ ሲሊኮን አድርግ፤ ዘይት በዚያ ይሾልካል።

ማስገባቱ በመግጠሚያ መሣሪያ ነው፣ ክራንኩ ውስጥ ጥርስ ይዞ በሚስበው። በመዶሻ የሚመቱ አሉ። ምቱ ክራንኩን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ከኋላ ያለውን ግፊት የሚይዝ ኩሽኔታ ይጎዳዋል። የመሃሉን ብሎን ራሱን እንደ መሳቢያ አትጠቀምበት፤ የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ስለሆነ ክራንኩ ውስጥ ያለውን ይገፈዋል። ሙሉ በሙሉ ሲቀመጥ ብሎኑን በ60 ፉት ፓውንድ እሰር። የፊቱን ነገር ሁሉ መልሰህ ከመዝጋትህ በፊት ግን የፒስተን ማቆሚያውን አንዴ መልሰህ ግጠምና የአዲሱ መስመር ዜሮ ላይ መውደቁን እይ።

ቤቲ_ኳድራጄት
የፓምፑ አንዱ ወገን ከተደፈነ የላይኛው ክዳን መከፈት አለበት። ቀዳዳዋን በሽቦ አትጎርጉራት፣ ትሰፋለች። ማጽጃ ርጭተህ በአየር ንፋው፤ መነጽር አድርግ፣ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።